ያገለገሉ አክሽን ፊገሮችን ወደ ግዙፍ ሰዎች ስለመቀየር፦ መጠኑን፣ መታጠፊያውንና ቀለሙን እንዴት ትይዙታላችሁ?

ባለዳይሱ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር በ28 ሚሊሜትር ሚኒየቸሮች (ትንንሽ የተቀቡ ቅርጾች) የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ እንጫወታለን፤ ለሚቀጥለው ዘመቻችንም ከተራራ የሚወርድ የግዙፎች ጭፍራ ለማሰለፍ አስቤያለሁ። ለዚሁ ተብለው ከተሠሩት የፋብሪካ ሞዴሎች የአንዱ ዋጋ ብቻ የአንድ ሙሉ የእግረኛ ጦር ያህል ስለሆነብኝ፣ እዚህ ቨርጂኒያ በሚገኙ ስሪፍት ስቶሮች (ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ሱቆች) ውስጥ በላስቲክ ከረጢት ታሽገው በርካሽ የሚሸጡትን ያገለገሉ አክሽን ፊገሮች፣ ማለትም እጅና እግራቸው የሚታጠፍ አሻንጉሊቶች፣ መሰብሰብ ጀምሬያለሁ። እስካሁን በእጄ የገቡት አብዛኞቹ 15 ሴንቲሜትር የሚሆኑ የሬስሊንግ ተፋላሚዎች ሲሆኑ፣ ጥቂት ካባ ለባሽ ጀግኖችና 30 ሴንቲሜትር የሚደርስ አንድ ወታደርም አሉበት።

የመጀመሪያው ጥያቄዬ መጠንን ይመለከታል። ተፋላሚውን ከእግረኞቼ አጠገብ ሳቆመው ቁመቱ ከበቂ በላይ ሆኖ ሳለ፣ ዓይኔ የሚያየው ግዙፍ ፍጡር ሳይሆን በትንንሽ ወታደሮች መካከል የቆመ አሻንጉሊት ነው። ምክንያቱ የሰውነቱ ቅርጽ ይሁን፣ የፕላስቲኩ ማብረቅረቅ ይሁን፣ ወይስ በክርኑና በጉልበቱ ላይ የሚታዩት መታጠፊያዎች ይሁኑ ለይቼ ማወቅ አልቻልኩም።

ሁለተኛው ቀለም ነው። ለሙከራ አንዱን ተፋላሚ በሚረጭ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ የመጀመሪያ ሽፋን) ቀብቼው ሳምንታት ቢያልፉም አሁንም እጅ ላይ ይጣበቃል፤ አውራ ጣቴን ሳሳርፍበት አሻራዬ ቁልጭ ብሎ ይቀራል። የሚገርመው ደግሞ እግሮቹና ወገቡ በደንብ ደርቀው፣ የሚጣበቁት ክንዶቹና ራሱ ብቻ መሆናቸው ነው። ሦስተኛው ፊቱ ነው፤ በቴሌቪዥን የምናውቀው ሰው መልክ ስለሆነ፣ ጓደኞቼ ገና ከሳጥን ሳወጣው በስሙ እየጠሩ ይሳሳቁበታል። የትኛውን ልጠቀም፣ የትኛውን ልተው፣ ከየትስ ልጀምር?

ሽቦና ሙጫ

ጤና ይስጥልኝ ባለዳይሱ። እኔ የምኖረው እንግሊዝ አገር ሲሆን፣ እዚህም ቻሪቲ ሾፕ በምንላቸው መደብሮች፣ እንዲሁም እሑድ ጠዋት ሰዎች ዕቃቸውን ከመኪናቸው ኋላ ዘርግተው በሚሸጡባቸው ሜዳዎች የሬስሊንግ ተፋላሚ ከማንኛውም አሻንጉሊት ይበልጥ ይገኛል። ለዚህ ሥራም ከሁሉ የሚሻለው እርሱ ነው፤ ደረቱና ጀርባው ራቁቱን ስለሆነ የሚፋቅ ልብስና ዓርማ የለበትም፣ ሰውነቱም ደንዳና ነው። በካባ ለባሾቹ ላይ ግን የተቀረጸው የልብስ መስመርና ምልክት ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ እስኪጠፋ ድረስ ብዙ ያለፋል።

እግረ መንገዴን፣ ማቴል እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ የሠራቸው የማስተርስ ኦፍ ዘ ዩኒቨርስ አሻንጉሊቶች 14 ሴንቲሜትር ገደማ ቁመት፣ ሰበር ያለ ጉልበትና ወፍራም ጭን ስላላቸው ለግዙፍነት የተፈጠሩ ይመስላሉ። የድሮዎቹን ካገኙ ግን መጋዝ ከማንሳትዎ በፊት ዋጋቸውን ያጣሩ፤ ሰብሳቢዎች ለአንዱ የሚከፍሉት ገንዘብ ያንን ውድ የተባለውን የፋብሪካ ሞዴል ሊገዛልዎት ይችላል።

ወደ መጠኑ ልመለስ። 28 ሚሊሜትር የሚባለው ልኬት በተለምዶ ከእግር እስከ ዓይን ስለሚወሰድ፣ አንድ መካከለኛ ሰው እስከ አናቱ 30 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። በዚህ ስሌት እንደ ጂ አይ ጆ ያሉት 9.5 ሴንቲሜትር የሚሆኑ አሻንጉሊቶች ከሰው ሦስት እጥፍ በመጠኑ ይበልጣሉ፤ ወደ እውነተኛው ዓለም ሲመለስ አምስት ሜትር ተኩል ገደማ ማለት ነው። የእርስዎ 15 ሴንቲሜትር ተፋላሚ አምስት እጥፍ፣ ማለትም ዘጠኝ ሜትር ያህል ነው። ጎልያድ እንኳ በስድስት ክንድ ከስንዝር ቁመቱ ሦስት ሜትር የማይሞላ በመሆኑ፣ በእኛ ጠረጴዛ ላይ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ይሆን ነበር። ስለዚህ የጎደለዎት ቁመት አይደለም። 30 ሴንቲሜትሩ ወታደር ደግሞ 18 ሜትር ገደማ ስለሚሆን ከማንም ጋር መሰለፍ አይችልም፤ እኔ ብሆን ከደረቱ በላይ ቆርጬ፣ የድንጋይ ቀለም ቀብቼ፣ በአሸዋ ግማሽ የተቀበረ የጥንት ሐውልት አደርገው ነበር።

አሻንጉሊት የሚያስመስለው በመጀመሪያ ደረጃ የሰውነቱ ምጣኔ ነው። አክሽን ፊገር የሚቀረጸው በመልከ መልካም ሰው ልክ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ወገቡ ቀጭን፣ ቁርጭምጭሚቱም ሸንቃጣ ነው። ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው ሥራው ያስረዳውን መርህ ብንከተል፣ አንድ አካል ቅርጹን ሳይለውጥ ቁመቱ አምስት እጥፍ ቢያድግ ክብደቱ 125 እጥፍ ይሆናል፤ ያን ሁሉ የሚሸከመው አጥንት ግን ቢቆረጥ የሚታየው ስፋቱ የሚያድገው 25 እጥፍ ብቻ ነው። ይህን ቀመር ማንም ተጫዋች ጠረጴዛ ላይ ቆሞ አያሰላውም፤ ሆኖም ዝሆንና በሬን ያየ ዓይን ከባድ ነገር ወፍራም እግር እንደሚያስፈልገው ያውቃል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ፑቲ (ተለውሶ ከተቀረጸ በኋላ የሚጠነክር መሙያ) የሚያሳርፉት ፊቱ ላይ ሳይሆን ቁርጭምጭሚቱ፣ ባቱና የወገቡ ዙሪያ ላይ ይሁን። ቦርጭ ቢጨምሩለት ይበልጥ ያምርበታል።

ከዚህ ይበልጥ የምመክረው ግን የሚያስይዙትንና የሚያለብሱትን ነገር በጥንቃቄ እንዲመርጡ ነው፤ ምክንያቱም ተመልካች የግዙፉን መጠን የሚያነበው በላዩ ላይ ካለው፣ መጠኑን አስቀድሞ ከሚያውቀው ነገር ነው። በእጁ የያዘው ዋንጫ የሰው የጠጅ በርሜል ይሁን። ጋሻው ከአንድ ቤት የተነቀለ፣ ማጠፊያውና ቁልፉ ገና ያልወለቀ በር ይሁን። ከመታጠቂያው ላይ በ28 ሚሊሜትር ሚኒየቸሮች ስኬል (የመጠን ልክ) የተሠራ በግ በኋላ እግሩ ተንጠልጥሎ ይታይ። ሽርጡን አንድ ወጥ ቆዳ አድርጎ መሥራት ግን ከባድ ስህተት ነው፤ ዘጠኝ ሜትር ለሆነ ሰው ወገብ የአንድ ከብት ቆዳ አይበቃምና። የአንድ ላም ቆዳ በዚህ ስኬል ሦስት ወይም አራት ሴንቲሜትር ብቻ ስለሚሆን፣ ሽርጡ ከብዙ ቆዳዎች የተጣጣፈ፣ ቀለማቸው የተለያየ፣ ስፌታቸው ከሩቅ የሚታይ መሆን አለበት። እኔ የምሠራው ሶፍት በውኃ በቀጠነ ነጭ የአናጢ ኮላ ነክሬ፣ ቁራጭ በቁራጭ እየደራረብኩ ነው። ይህ ሽርጥ የዳሌውን መታጠፊያ ሙሉ በሙሉ ስለሚሸፍን አንድ ራስ ምታት ያስቀርልዎታል። እውነተኛ ጸጉር ወይም የፋብሪካ ፈር አይጠቀሙ፤ አንዷ ዘለላ በዚያ ስኬል ገመድ ታክላለች።

የክርንና የጉልበት መታጠፊያን በተመለከተ፣ ብዙውን ጊዜ የመታጠፊያው ፒን የሚሠራው ሙጫ ከማይዘው፣ ፖም ከሚባል ፕላስቲክ መሆኑን ይወቁ። ሱፐር ግሉ ጠብ አድርጎ መተው ለአንድ ሳምንት የያዘ ይመስላል፤ ከዚያ በመጀመሪያው ጨዋታ ይላቀቃል። ስለዚህ እጁን በፈለጉት አቋም ያጥፉት፣ ከላይኛው ክንድ እስከ ታችኛው ድረስ በቀጭን ድሪል ይብሱት፣ ጠንካራ ሽቦ በሱፐር ግሉ ነክረው ያስገቡ፤ ክብደቱን የሚይዘው ሽቦው ይሆናል። በዙሪያው ያለውን ክፍተት በፑቲ ሲሞሉ ከላይ ጡንቻና የቆዳ እጥፋት ይቅረጹበት። መታጠፊያው የማይፈቅደውን አቋም ከፈለጉ ግን ክርኑን በሴጌቶ ምላጭ ቆርጦ ማውጣትና በአዲስ ማዕዘን በሽቦ መልሶ ማያያዝ ይቀላል። ለስላሳ የሆኑትን ጣቶች የፈላ ውኃ ውስጥ ጥቂት አቆይተው በሚፈልጉት ዕቃ ዙሪያ ካጠፏቸው በኋላ፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ቢከቷቸው እንደተጨበጡ ይቀራሉ። በእሳት ወይም በጋለ ቢላ ግን ፈጽሞ አይንኩ፤ ለስላሳዎቹ ክፍሎች የሚሠሩበት ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ ሲቃጠል የሚወጣው የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ሳንባን ይጎዳል።

እመት ብሩሽ

ስለ ቅርጹ በቂ ስለተባለ፣ የሚጣበቀውን ቀለም ላስረዳ። እግሩ ደርቆ ክንዱ የሚጣበቅበት ምክንያት አሻንጉሊቱ ከአንድ ዓይነት ፕላስቲክ ስላልተሠራ ነው። ጠንካራ የሆኑት ክፍሎች ብዙውን ጊዜ ኤቢኤስ ከተባለ ደረቅ ፕላስቲክ ሲሆኑ፣ ራስና ክንድ ደግሞ በልጆች እጅ እንዳይሰበሩ ከለስላሳ ፒቪሲ ይሠራሉ። ፒቪሲን ለስላሳ የሚያደርገው በውስጡ የተደባለቀ ማለስለሻ ኬሚካል ነው። ይህ ኬሚካል ቀስ በቀስ ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ከብዙ የሚረጩ ቀለሞች ጋር ተዋህዶ ቀለሙ እንዳይደርቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ሌላ ወር መጠበቅ ምንም አይጠቅምም። ሪፐር ሚኒየቸርስ «ቦንስ» በሚል ስም የሚሸጣቸውን የፒቪሲ ሚኒየቸሮች የሚቀቡ ሰዎችም ይህንኑ ጠባይ ስለሚያውቁ፣ አብዛኞቻችን እነርሱን የምንቀባው በብሩሽ ነው።

የቀባኸውን ለማስለቀቅ አይሶፕሮፒል አልኮል ውስጥ አቆይተህ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትገው። እንደ ፕራይመሩ ዓይነት ሁሉም ላይለቅ ይችላል፤ ዋናው ነገር የሚጣበቀው ሽፋን መነሣቱ ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ግን አትሞክር፤ ከቀለሙ ጋር ኤቢኤሱንም ያሟሟዋል። ከዚያ በኋላ በለብ ያለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በደንብ እጠበው። ይህ እጥበት ላልተቀቡትም ግዴታ ነው፤ ያገለገለ አሻንጉሊት ላይ የዓመታት የእጅ ቅባት አለና። ሲደርቅ በውኃ የሚቀጥን አክሪሊክ ፕራይመር በብሩሽ ሁለት ስስ ሽፋን ቀብተህ፣ ከዚያ በላይ በተለመዱት አክሪሊክ ቀለሞች ትቀጥላለህ። የመጨረሻው ቫርኒሽም የማያብረቀርቅ ሆኖ በብሩሽ የሚቀባ ይሁን፤ ከታች ያለውን ሁሉ በጥንቃቄ ሠርቶ በመጨረሻ የሚረጭ ቫርኒሽ መጠቀም ወደ ተነሣህበት ይመልስሃል።

ስለ ቆዳው ቀለም አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰዎች እምብዛም አያነሡትም። በ30 ሚሊሜትር ሰው ላይ አንድ መሠረታዊ ቀለም፣ አንድ ጥላና አንድ ብርሃን ይበቃሉ። ይህንኑ አሠራር በ15 ሴንቲሜትር ሰውነት ላይ ስትደግመው ግን ሰፊና ባዶ የሆነ ገጽ ይፈጠራል፣ ያም ገጽ ፕላስቲክ ነኝ ብሎ ይናገራል። ስለዚህ ቀለሙን በውኃ እጅግ አቅጥነህ ጉልበቱን፣ ክርኑን፣ የጣቶቹን አንጓና አፍንጫውን ቀላ አድርግ፤ አገጩንና የዓይኑን ዙሪያ ወደ ግራጫ ውሰደው፤ ሆዱን ገርጣ አድርገው። በደረቅ ስፖንጅ ጫፍ ነጠብጣብ እየጣልክ ቡግርና የፀሐይ ቃጠሎ ጨምርበት። ብርሃኑን ጡንቻው ሁሉ ላይ ከምትበትነው ይልቅ ትከሻው፣ ደረቱና አናቱ ላይ ሰብስበው፤ ተራራም የሚበራው ከላይ ነው።

ስትፍቅ ጭንብል አድርግ፣ ብርጭቆ ወረቀቱንም ውኃ እያስነካህ ተጠቀም። የእንግሊዙ ፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ጥናት ያገለገሉ የፕላስቲክ አሻንጉሊቶችን መርምሮ፣ በአንዳንዶቹ ውስጥ እንደ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ መርዛማ ንጥረ ነገሮች አግኝቷል። የድሮ አሻንጉሊት ብናኝ መተንፈስ ለማንም አይበጅም።

ባለዳይሱ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የክንዱና የእግሩ ልዩነት ምስጢር ስለተገለጠልኝ ዛሬውኑ ወደ አልኮሉ እገባለሁ። ሽቦና ሙጫ፣ ፑቲ ሲሉ የትኛውን ማለትዎ ነው? ለባቱና ለቦርጩ የሚያስፈልገው ብዛት ሳስበው፣ በሆቢ መደብር በትንንሽ ጥቅል የሚሸጠው ግሪን ስተፍ የተባለው የቅርጽ ፑቲ ኪሴን የሚያራቁት መሰለኝ። የፊቱን ጉዳይም ማንም አልነካልኝም።

ከገርጂ

ወንድሜ ባለዳይሱ፣ እኔ የምጽፈው ከአዲስ አበባ ነው። እዚህ የሆቢ መደብር የሚባል ነገር ስለማይገኝ የምንሠራው ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ በምናገኘው ነው፤ ስለዚህ ስለ ብዛትና ስለ ዋጋ የምለው ይኖረኛል። ቦርጩን ሙሉ በሙሉ በፑቲ መሥራት ብክነት ነው። የአልሙኒየም ፎይል ጨምቀህ በሱፐር ግሉ ሆዱ ላይ ለጥፈው፣ በቀጭን ሽቦ ጠምጥመህ አጥብቀው፣ ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ኢፖክሲ ብቻ ከላይ አልብሰው። ለባቱም እንዲሁ አድርግ። የቧንቧ ስንጥቅ ለመድፈን የሚሸጠው፣ ሁለቱ ክፍል በእጅ ተለውሶ የሚደርቀው ኢፖክሲ ለዚህ የታችኛው ሽፋን በቂ ነው፤ ቶሎ ስለሚጠነክር ግን በትንሽ በትንሹ ለውስ፣ ጓንትም አትርሳ።

ጋራዦች ለመኪና ቦዲ የሚጠቀሙበትን ስቱኮ እንዳትሞክር አልልም፤ ርካሽ ነው፣ በብርጭቆ ወረቀትም ደስ ብሎት ይፋቃል። ነገር ግን ደርቆ የሚሰባበር ስለሆነ፣ ሥር ያለው ፒቪሲ ትንሽ በተጣጠፈ ቁጥር ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጠንካራው ደረትና በሽቦ ተቆልፎ የማይነቃነቅ ጭን ላይ ይሁን እንጂ፣ ክንድና አንገት ላይ አይሁን።

ስለ ፊቱ የእኔ ሐሳብ ራሱን ቆርጦ መጣል ነው። ከሌላ፣ ትንሽ ዝቅ ያለ ቁመት ካለው አሻንጉሊት የተወሰደ ራስ ብትተክልበት ሰውነቱ ወዲያው ያብጣል፤ ጓደኞችህም የሚጠሩት ስም ያጣሉ።

ሽቦና ሙጫ

በፎይሉ እስማማለሁ፣ ራሱን ቆርጦ በመቀየሩ ጉዳይ ግን በከፊል ብቻ ነው የምስማማው። የእኛ 28 ሚሊሜትር ሚኒየቸሮች ከሩቅ እንዲታዩ ተብሎ ራሳቸውና እጃቸው ከተፈጥሮው ገዝፎ የተቀረጸ በመሆኑ፣ የተፋላሚው ተፈጥሯዊ ራስ በአጠገባቸው ሲቆም አስቀድሞ ትንሽ ይመስላል። ከዚያ በታች ካነሰ የሚታየው ግዙፍ ሳይሆን ልብሱ የሰፋው ሰው ነው። ስለዚህ ያለውን ራስ ይዞ መልኩን መለወጥ ይሻላል፤ ደግሞም አስቸጋሪ አይደለም። አፍንጫውን በካተር ከሥሩ ይቁረጡት፣ በቦታው ሰፊና የተሰበረ አፍንጫ በፑቲ ይቅረጹ፣ ቅንድቡን ዓይኑን እስኪጋርድ ድረስ ወደ ፊት ያውጡት፣ ጆሮውን አንዱን ብቻ ያስቀሩለት። የተቀረጸውን ፈገግታ በተጎነጎነ ጺም ይሸፍኑት፤ ማንነቱ የሚታወቀው ከሁሉ ይበልጥ በአፉ ነው። ዓይኑ ውስጥ ነጭ ቀለም አይግባ፤ ጥቁር ቡናማ ጥላና አንዲት የብርሃን ነጥብ ይበቃዋል።

ለዚህ ለላይኛው ሥራ ብቻ ግሪን ስተፍ ይግዙ። ቢጫውንና ሰማያዊውን እኩል ለውሰው ከአንድ ሰዓት በላይ ሊቀርጹበት ይችላሉ፤ ሙሉ በሙሉ የሚጠነክረው ግን በማግሥቱ ነው፣ ደርቆም ትንሽ የመለጠጥ ጠባይ ስላለው ለስላሳው ራስ ላይ አይሰነጠቅም። ሚሊፑት የተባለው ሌላ ፑቲ በተቃራኒው ደረቅ ብሎ ስለሚጠነክርና በእርጥብ ጣት ስለሚለሰልስ፣ ለሰፋፊው ሆድና ጀርባ ይሆናል። እኔ ሁለቱን ግማሽ በግማሽ እቀላቅላቸዋለሁ። በሁለቱም ጊዜ መቅረጫውን ውኃ ያስነኩት፤ አለበለዚያ ፑቲው ከፊቱ ተነሥቶ መቅረጫው ላይ ይቀራል።

ማቆሚያውን ስላልጠየቁ ልጥቀስልዎት። እንደ ዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ያለ ጨዋታ አንድ ኢንች ካሬዎች ባሉት ሰሌዳ ላይ የሚጫወቱ ከሆነ፣ ለግዙፍ ሰው የሚመደበው ቦታ ሦስት በሦስት ካሬ፣ ማለትም 7.6 ሴንቲሜትር ስለሆነ ሁለቱ እግሮች በዚያ ውስጥ መግባታቸውን ከመቁረጥዎ በፊት ይለኩ። ካሬ የሌለበት ጨዋታ ከሆነ 12 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው አሮጌ ሲዲ ጥሩ ማቆሚያ ይወጣዋል፤ ገጹን በብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ካላደረጉት ግን ሙጫ አይዝም። ከእያንዳንዱ ተረከዝ ሥር ሽቦ ወደ ማቆሚያው ይውረድ፣ በሆዱ በኩል ስለሚያደላም ከኋላ በኩል ከሥሩ ጥቂት የብረት ሮንዴላ ይለጥፉ።

በቤትዎና በጓደኞችዎ ጠረጴዛ ላይ ማንም አይከለክልዎትም። የዋርሃመር ጨዋታ አምራች የሆነው ጌምስ ወርክሾፕ በራሱ መደብሮችና በራሱ ውድድሮች ላይ የራሱን ሞዴሎች ስለሚጠይቅ፣ ዋርሃመር ለመጫወት ወደዚያ የሚሄዱ ከሆነ ግዙፎቹን ቤት ይተዉአቸው፤ ሌሎች ክለቦች ደግሞ እንደየአዘጋጁ ስለሚለያዩ፣ ከመሄድዎ በፊት ፎቶግራፍ ልኮ መጠየቅ ይበቃል።